ሀና፣ ዱል፣ ሴት

ሰባት ቀን ሙሉ ስም አልነበረኝም፤
«ሚጢ» አሉኝ ዝም ብለው፤ ሚጢ ደግሞ ስም አይደለም።

የእናቴ አባት፣ መሪጌታ ልሳነወርቅ፣
መጽሐፍ ገልጦ በጣቱ ቆጠረ፣ ነገሩ እስኪረቅ።
የአባቴ እናት፣ እሜት መዲና፣ ከቧንቧ ውሃ መጥታ
በሩ ላይ ቁጭ አለች መቁጠሪያዋን አውጥታ።
«ከኔ ወገን ይውጣ» አለ፤ «ከኔ» አለች፤ መሸ፤ ነጋ፤
እኔ በመሀል ሚጢ፤ ማንም አልደፈረም ሊጠጋ።
እንዲህ ነው ደሴ፤ በአንድ ግቢ ሁለት ፆም፣ ሁለት ፍስክ፤
ጉልበት ግን ለስም ሲሆን እምቢ ይላል ሊንበረከክ።

በስምንተኛው ቀን ለክትባት ሄድን። የካርድ ክፍሏ ሴት
«ስም?» አለች ቀና ሳትል፣ አንድ ሰልፍ ሕፃን እየጮኸባት።
እናቴ በጭንቋ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፦
«ሀና» አለች። ማኅተም ተመታ፤ አለቀ የስሜ ሐጃ።

መሪጌታ ሰማና ጢሙን ዳበሰ፦
«የእመቤቴ እናት! በዕብራይስጡ ጸጋ ነው፤ ነገሬ ደረሰ።»
እሜት መዲናም ሰማች፣ ከተቀመጠችበት ቆማ፦
«ሀናእ! ውሃ ጠጥቶ ለረካ የሚባል ነው» አለች፣ ሰፈሩ እንዲሰማ።
ሁለቱም አሸንፈው በየፊናቸው ሄዱ፤
ርቦኝ ነበር፤ አለቅሳለሁ፤ ይኼ ግን አልነበረም ከጉዳዩ አንዱ።

ትምህርት ቤት ስገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ፦
«በየትኛው ሀ ነው?» የሚል መምህር መጣ።
እሱ በሐመሩ ጻፈኝ፤ ቀበሌው በሃሌታው፤
ባንክ ቤት ደግሞ በራብዑ፣ አንድ እግሩን አስረዝሞ መታው።
ሦስት ሀና ሆንኩ፤ ደመወዝ ግን ለአንዷ ብቻ ነው የሚገባው።

ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት። ሰርቪሱ ሐረጎን ይወርዳል፤
ጉሙ መስኮቱን ይልሳል፤ ሹፌሩ ጦሳን ከኋላ ትቶ በጆሮው ይነዳል።
ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ሹራብ ያስወልቃል፣
ማሽኑ ይነሳል፣ እጅጌ ያለ ክንድ ከጠረጴዛው ይፈልቃል።

አዲሱ አሠልጣኝ ከኮሪያ የመጣ፣ አቶ ፓክ የምንለው፣
የቁልፍ ሳህን ይዞ ከኋላዬ ቆመ፤ ድምፁ ቀጭን ነው፦
«ሀና!»
            «አቤት!» ብዬ ተነሣሁ፤ መርፌው ጣቴን ነካው።
እሱ አላየኝም። ቁልፍ አነሳ፦ «ዱል»፤ ሌላ አነሳ፦ «ሴት»፤
ይቆጥራል ለካ። ስሜ በእሱ አገር አንድ ማለት።

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ከማተኮሻው በኩል ከድር፦
«ሀና በዱላ ሴት ሆነች!» አለ፤ ቀልዱ ዞረ ከመስመር መስመር።
ሁሉም ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ጦይባ ብቻ፣ ከጎኔ፣
እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ሳበች።
በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ፤ እስከዚያ ቀን ለምን አልጠየቅሁም እኔ?

እሁድ ደሴ ላይ ለሽማግሌዎቹ ነገርኋቸው፤
ትንሽ ዝም አሉ፤ ከዚያ የድሮው ተነሣባቸው።
«አንድ! አሐዱ ነው፤ ቅዳሴ በምን ይጀመራል?»
«አንድ! አሐድ ነው እንጂ፤ ከሱ ሌላ ማን ይጠራል?»
ሰማንያ ያለፋቸው፣ ጥርስ የሌላቸው ሁለት ልጆች
አሁንም ስሜን ይጎትታሉ፣ እንደ ጋቢ ጫፍ፣ በአራት እጆች።
እኔን ግን የያዘኝ ሌላው ቁጥር ነው፣ መሀል ላይ ያለው፤
አቶ ፓክ ያለ ክፋት ነው የጠራው፤ በእኛ ጆሮ ግን ዱላ ነው።

ሰኞ ጦይባ ምንም አላለችም። ሳህኑን በመካከላችን አደረግሁ፤
ለሁለታችን ብቻ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ መቁጠር ጀመርሁ፦
ሀና፣
            ሴት።
ቀና ብላ አየችኝ። ደገምሁ፦ ሀና፣ ሴት።
ከሣቅ ቀደም የሚል ነገር በከንፈሯ ጫፍ መጣና ተመለሰ በፍጥነት።

ያን ቀን ከኮምቦልቻ በወጣ ካርቶን ውስጥ፣ ማንም ሳያውቀው፣
አንድ ሸሚዝ አለ፤ የትም አገር ማንም ይልበሰው፣
ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ የጎደለው።